የ1798ቱ መዳብ፦ 20 ነው ወይስ 10?

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ የአሜሪካ መዳብ ሳንቲም የምትሰበስቡ ሰዎች እዚህ ቤት እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ዳኙኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲመጣ ለይቼ እናገራለሁ።

ባለፈው መጋቢት ፔንስልቬንያ ውስጥ ካለ አንድ የሳንቲም ሱቅ የ1798 ላርጅ ሴንት ገዛሁ። ለማያውቀው፣ ላርጅ ሴንት ማለት ከ1793 እስከ 1857 ሲመታ የኖረው ትልቁ የመዳብ አንድ ሴንት ነው። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ካለው ሩብ ዶላር ይሰፋል። የእኔው ደረጃ ሰጪ ድርጅት ባሸገው ፕላስቲክ ውስጥ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ቪኤፍ 20 ይላል። ቪኤፍ «በጣም ጥሩ» ማለት ነው፤ 20ው ከ1 እስከ 70 ባለው ሚዛን የተሰጠው ደረጃ ነው። 400 ዶላር ከፈልኩ። ሚስቴ ዋጋውን አታውቅም፤ እዚህም አትገባም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ደስ ብሎኝ ወደ አንድ የሰብሳቢዎች ስብሰባ ይዤው ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ማጉያ መነጽራቸውን አውጥተው መብራት ሥር እያዘነበሉ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የመስመሩ ጥራት 20 ነው፣ የተጣራው ግን 10 ነው አሉኝ። ሳንቲሙ ላይ ነፃነትን የምትወክል ሴት አለች፤ ከፀጉሯ ኋላ ያሉትን ጥቃቅን ጉድጓዶች አሳዩኝ። ከአገጯ ሥር ያለችውን ጭረት አሳዩኝ። ጠርዙ ላይ አንድ ቦታ ምት አለበት። ስገዛው አንዱንም አላየሁም፤ አሁን ደግሞ ሌላ ነገር አይታየኝም።

አንድ ሳንቲም በአንድ ሳምንት እንዴት 20ም 10ም ይሆናል? እኔ ቁጥሩ የሳንቲሙ ሳይሆን የሚያየው ሰው ነው ባይ ነኝ። ከተሳሳትኩ አርሙኝ።

ከዚህ በታች ያለው የመጣልኝ ምላሽ ነው። ክሩ (ውይይቱ) ረዘመብን ያላችሁ ስለበዛችሁ በየቁጥሩ በራሴ አፍ አሳጥሬ ልንገራችሁ፤ ሰዎቹንም በምላሻቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ያልተስማማበት ወደ ላይ ሄዶ ዋናውን ያንብብ።

1. የመጀመሪያው ከአትላንታ ነው፤ ትሑት ሰው። ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ጀመረ። ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ የሚሰጡት አንድ ቁጥር ነው፤ በዋናነት የሚያዩትም ሳንቲሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ምን ያህል እንደተፋቀ ነው። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ቁጥሩን ነፍገው ጉዳቱን በጽሑፍ ይጠቅሱታል፤ ቀላል ከሆነ ግን ከ200 ዓመት በላይ የኖረ መዳብ ነውና ይቅር ይሉታል። በ1967 የተመሠረተው ኧርሊ አሜሪካን ኮፐርስ የተባለው ማኅበር ሰዎች ግን ሁለት ቁጥር አላቸው። መጀመሪያ የፀጉሯን መስመርና የቅጠሎቹን ጅማት አይተው የጥራቱን ይሰጣሉ። ከዚያ ለጉድጓዱ፣ ለጭረቱ፣ ለዝገቱ እየቀነሱ ይወርዳሉ። ሽማግሌውም ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ጨካኝ ሆነው አይደለም።

2. ፎቶው የታል? አለኝ አንዱ። ሌላ ቃል የለውም። እውነቱን ነው፣ ረስቼው ነበር።

3. ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው የ1ን ትምህርት በአንድ ምሳሌ ጨረሰው። የፕላስቲኩ 20 ጠቅላላ ደሞዝህ ነው፤ የሽማግሌው 10 ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅህ ላይ የሚደርሰው ነው ብሎ። ታዲያ የቤት ኪራይ የሚከፈለው በየትኛው ነው? ሲልም ጠየቀኝ። ምላሽ አልሰጠሁትም፤ ምክንያቱም ሱቁ ያስከፈለኝ በጠቅላላው ነው።

4. እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ለቀቀ። ቨርጂኒያ የምትኖር እህት የራሷን ታሪክ ይዛ መጣች። አዛውንት ስታስታምም ነበር። ሴትዮዋ ሲያርፉ ልጆቻቸው ለመታሰቢያ ከመሳቢያ ውስጥ የነበረ የ1802 ሴንት ሰጧት። ጥቁርና ቅባታም ነበር፤ አሳዘናት። እናቷ የነሐሱን ሙቀጫ ለበዓል በሎሚና በአመድ ስታሽ እያየች ነው ያደገችው። አመድ አጥታ በሎሚና በጨው አሸችው። አብረቀረቀ። በጣም ደስ አላት። ቤተሰቡ ሲያዩት ምን እንደሚሉ እያሰበች ፎቶ አንስታ እዚህ ለጠፈችው፤ ደረጃው ስንት ይሆን? ብላ። ፎቶው ላይ ሳንቲሙ እንደ ሕፃን ተረከዝ ሮዝ ሆኗል።

5. ገደልሽው አላት አንዱ። ከዚህ በኋላ ብርጭቆ እጠቢበት እንጂ ሳንቲም አትበይው የሚል ነገርም ጨመረ። ይህን ሰው በሌሎች ክሮችም አውቀዋለሁ። እውቀት አለው፤ አፉን ግን አልታደለም።

6. ከዴንቨር ያለ ወንድም ቀድሞ 5ን ሥርዓት ያዝ ካለው በኋላ ለእህታችን ቀስ ብሎ አስረዳት። መዳብ ከአየር ጋር ሲኖር ቡናማ ቆዳ ያወጣል። ያ ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ መዳቡን የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ሰብሳቢም ገንዘብ የሚከፍለው ለእሱ ነው። የሎሚው አሲድ ቆዳውን ይገፈዋል፣ ጨው ደግሞ ያግዘዋል። አንዴ ከተገፈፈ በኋላ መልሶ የሚለጥፈው የለም። የብር ሳንቲም ቢሆን ጉዳቱ ሊያንስ ይችል ነበር፤ መዳብ ግን ቂመኛ ነው። ቅባት ለማንሳት አዋቂዎቹ የሚጠቀሙት ዛይሊን የተባለውን ፈሳሽ ነው፤ በጥጥ ሳያሹ፣ መስኮት ከፍተው። ከዚያ በጣም ለስላሳ በሆነ የፀጉር ብሩሽ መጥረግ። ውሃ ከነካው ደግሞ ወዲያው ይድረቅ፤ እርጥበት ከቀረበት አረንጓዴው ዝገት ይጀምራል፤ እሱ ከጀመረ በላዩ ላይ እያደረ ሥጋውን ይበላዋል። ለስላሳ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አታኑሩ፤ ዘይቱ እየወጣ አረንጓዴ ያደርገዋል።

እህታችን አመስግና ጠፋች። አሳዘነችኝ። እኔም የመጀመሪያዬን ሳንቲም በጥርስ ሳሙና ነው የፈጀሁት፤ ያኔ ግን የምነግረው ሰው አልነበረም።

7. ወደ ጉዳዩ የመለሰን ቁጥሩ ራሱ ከየት መጣ? ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። ለምን እስከ 100 ሳይሆን እስከ 70? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም አስቤው አላውቅም ነበር።

8. መልሱን የሰጠው ቺካጎ ያለ አንጋፋ ሰብሳቢ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ዊልያም ሼልደን የተባለ የሥነ ልቦና ሰው በ1949 ስለነዚህ ሴንቶች መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ ገበያ ላይ ያየውን ማስላት ነበር። በጭንቅ የሚለየው፣ ፊቱ የጠፋው ሴንት 1 ቁጥር ይሰጠዋል። ከሳንቲም መምቻው እንደወጣ የኖረውና እንከን የለሹ ደግሞ በዚያን ጊዜ ገበያ 70 እጥፍ ያህል ያወጣ ነበርና 70 ተባለ። ለየዓይነቱ (ዓይነት ምን እንደሆነ 12 ላይ ይመጣል) መነሻ ዋጋ ትሰጠዋለህ፤ በደረጃው ታባዛለህ፤ ዋጋው ይኸው። አለቀ። ማለትም ቁጥሩ ሲወለድ የዋጋ ማባዣ ነበር፤ የውበት መለኪያ አልነበረም። ስሌቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፤ ዋጋው ሸሽቶ ሄደ፤ ቁጥሩ ግን ቀረ። ሼልደን ላልተነካ ሳንቲም 60፣ 65 እና 70 ብቻ ነበር የተጠቀመው። ዛሬ ግን በ64 እና በ65 መካከል ቤት የሚያስሸጥ ልዩነት አለ።

ይህ ምላሽ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማባዣው ከሞተ ስንት አሥርት ዓመት የሆነውን ቁጥር ነው እንግዲህ በፕላስቲክ አሽገን የምንሸጠው።

9. ይሄኔ 5 ተመልሶ መጣ። ሌባ በሠራው ሚዛን ስትመዘኑ አታፍሩም? አለን። ነገሩ እውነት ነው፤ ለማታውቁት ላስረዳ። ሼልደን ኒውዮርክ ካለው የአሜሪካን ኑሚስማቲክ ሶሳይቲ የተባለ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ስብስብ ውስጥ፣ ሰብሳቢው ጆርጅ ክላፕ ለማኅበሩ ከሰጡት ሴንቶች መካከል ጥሩ ጥሩዎቹን እየወሰደ በምትካቸው የራሱን ያነሱ አስቀምጧል። በቁጥርም በዓይነትም ስለሚሞላ ቶሎ የነቃ ሰው አልነበረም። ጉዳዩ የተረጋገጠው እሱ በ1977 ከሞተ በኋላ፣ የድሮ ፎቶዎች ከመሳቢያው ጋር ሲመሳከሩ ነው። ፍርድ ቤት ድረስ ተሄዶ ብዙዎቹ ተመለሱ። ሰው የተሻለውን ሳንቲም ሰርቆ ዓይነቱን ጠብቆ ሲተካ አስቡት። ሌብነቱ ራሱ ደረጃ የመስጠት ችሎታ ይጠይቃል።

10. ጋሼ መለሱለት። ሌባው የሠራው ሚዛን ኪሎውን ካላጎደለ ሚዛን ነው አሉ፤ ሰውየውንም ሥራውንም ለየብቻ መያዝ ይቻላል አሉ። ከ1793 እስከ 1814 ያሉትን ዓይነቶች የምንጠራው ዛሬም ሼልደን በዝርዝሩ በሰጣቸው ቁጥር ነው፤ ይህ ከደረጃው ቁጥር ሌላ ነው። ከ1816 ወዲህ ያሉት በኒውኮም፣ ግማሽ ሴንቶቹ በኮኸን ቁጥር ይጠራሉ፤ እነሱም እንደሱ ዝርዝር ያወጡ ሰዎች ናቸው። ስሙን ሰርዘህ ሌላ ቁጥር ስጣቸው ብትባል የት ትጀምራለህ? ብለው ለ5 ጣሉለት።

11. 5 ጀመረ፣ ሦስት መስመር ጻፈ፣ አስተናባሪው አጠፋው። ምን እንደነበር አላየሁም።

12. አንዲት አዲስ ገቢ ዓይነት ምንድን ነው? አለች። የ1798 ሴንት የ1798 ሴንት አይደለም ወይ? አይደለም እህቴ። እዚህ ላይ እኔው መለስኩላት፤ መዝለል የፈለገ ይዝለል።

ያኔ በፊላደልፊያው መምቻ የማተሚያው ብረት በእጅ ነበር የሚሠራው። ፊደሉንና ቁጥሩን አንድ በአንድ በመዶሻ ብረቱ ላይ ይመቱታል። ስለዚህ በአንዱ ብረት ላይ 8ቷ ከደረቷ ትጠጋለች፣ በሌላው ትርቃለች። ብረቱም ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሳንቲሙ ላይ እንደ ክር ይወጣል። ብረት ሲሰበር ሌላ ይቀረጻል። ለ1798 ብቻ ከ40 በላይ የፊትና የጀርባ ጥምረት አለ፤ ዓይነት የምንለው እያንዳንዱን ጥምረት ነው። ለ1794 ደግሞ ከ50 በላይ ነው። ሜሪስ የተባለ ሐኪም በ1869 የ1794ቶቹን በፊታቸው ለይቶ ስም አውጥቶላቸዋል፤ አንዷን ድርብ አገጭ ብሏታል። ከ1794ቶቹ መካከል በጀርባው ጠርዝ ዙሪያ 94 ጥቃቅን ኮከቦች ያሉበት ዓይነትም አለ። ለምን እንደተመቱ መምቻው የተወው ማብራሪያ የለም። ሰው እብድ የሚሆነው በዚህ ነው፤ በወርቅ አይደለም።

13. ፎቶውን ለጠፍኩ። ሁለት ሰው ጉድጓዶቹን አይተው ለሽማግሌው ፈረዱ። አንዱ እንደውም 8 ነው አለ። አመሰግናለሁ።

14. ሚዛን ላይ አውጣው የሚል መጣ። እስካሁን ያልመዘንከው ለምንድን ነው? አለ፤ ድምፁ የትራፊክ ፖሊስ ይመስላል። ምክንያቱን ግን አስረዳ። ሕጉ በ1792 ሲወጣ አንድ ሴንት 264 ግሬን (የድሮ የክብደት መለኪያ ነው) እንዲመዝን ነበር የታሰበው። መዳብ ተወደደና ሳይመታ ገና በ1793 መጀመሪያ ወደ 208 ወረደ። በ1795 መጨረሻ እንደገና ወደ 168 ወረደ፤ ይህም 10.89 ግራም ነው። ሳንቲሙ ስለሳሳም ጠርዙ ላይ ይጻፍ የነበረው ጽሑፍ ቀረ። ስለዚህ የ1798 ሴንት ተፋቅቶ ከ10.89 ትንሽ ሊያንስ ይችላል፤ 9 ወይም 12 ከመጣ ግን ራስህን ያዝ።

15. አስመሳይ አለመሆኑን እርግጠኛ ነህ? ያለኝ ቀጥሎ መጣ፤ ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። የድሮው አስመሳይ ቀላል ነበር፤ ሁለት ስስ የመዳብ ቅርፊት ሠርተው መሐሉን እርሳስ ሞልተው ያጣብቁታል። ጠርዙን በማጉያ ስታየው ስፌቱ ይታያል፤ ጠረጴዛ ላይ ስትጥለውም አይጮህም። ያለፉት አሥር ዓመታት አስመሳዮች ግን በእውነተኛ ማተሚያ የተመቱ ናቸው። ከአንድ እውነተኛ ሳንቲም ብረቱን ይቀዱታል። ከነዚህ መካከል 1798 አለበት። አንዳንዶቹም የታወቁ ድርጅቶችን ፕላስቲክ ለብሰው ተገኝተዋል። እንግዲህ ደረጃ ሰጪውንም የሚያታልል ነገር ነው።

16. ያው ሰው መያዣውንም ነገረን፤ ይህን ብቻ ብታነቡ ይበቃችኋል። ከአንድ ሳንቲም ስለሚቀዱ የዚያ ሳንቲም ጭረትና ምት ሁሉም ላይ አለ። ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ፣ አንድ ዓይነት ጭረት ሊኖራቸው አይችልም። ፎቶ ለፎቶ ማስተያየት ነው። ከአገጯ ሥር ያለችውን ጭረቴን ይዤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ፎቶ ስገላብጥ አደርኩ። የትም የለችም። ሽማግሌው ቁጥር የቀነሱበት ያው ጭረት ሳንቲሙ እውነተኛ መሆኑን መሰከረልኝ። ከዚያ ወዲህ ያችን ጭረት ወድጃታለሁ።

17. ስለማጭበርበር ከተነሳ ብሎ ሌላው ስለ 1799 እና 1804 አመጣ። ሁለቱ ከሁሉም የሚያስቸግሩ ዓመቶች ናቸው። ስለዚህ የ1798ን 8 ቆርጠው 9 ያደርጉታል፤ በማጉያ ሲታይ ብረት የነካው መዳብ ከአካባቢው ይለያል። ለ1804 ግን ቀላል ዘዴ አለ። እውነተኛው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከፊት ያለው የዓመቱ 0 ከጀርባው ኦፍ በሚለው ቃል ውስጥ ካለው ኦ ጋር ትይዩ ነው። ካልተገናኙ አትድከም። በ1860 አካባቢ በተጣሉ አሮጌ ብረቶች የተመታ የ1804 መሳይም አለ፤ የፊቱ ብረት የ1803፣ የጀርባው የ1820 ነው። የሚገርመው እሱንም ሰው በብዙ ገንዘብ ይገዛዋል።

18. ስለ 1799 ስትነሱ ብላ የመጣችው ፊላደልፊያ የምትኖር እህት ናት። ጆሴፍ ሚክሊ የሚባል የዚያ ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። የተወለደው በ1799 ነው። የልደት ዓመቱን ሴንት ልያዝ ብሎ ፍለጋ ጀመረ፤ ከሁሉ የከፋው ዓመት እንደደረሰበት አላወቀም። ሲፈልግ ሲፈልግ የአገሪቱ ታላቅ ሰብሳቢ ሆኖ ቀረ። በ1867 ሌባ ገብቶ ብዙውን ወሰደበት። የእኔ ልደት በዚያ ቢሆን 1798ን እመርጥ ነበር፤ ርካሽ ነው።

19. አንዱ ደግሞ ሰንሰለቱን ረሳችሁት አለ። የመጀመሪያው የ1793 ሴንት ጀርባው ላይ 15 ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነበረበት፤ የ15ቱን ግዛቶች አንድነት እንዲያሳይ ነው የታሰበው። ሕዝቡ ግን ሰንሰለትን ከነፃነት ጋር ማየት አስጠላው። ሴትዮዋም የደነገጠች ትመስላለች ተባለ። በዚያው ዓመት በአበባ ጉንጉን ተቀየረ። 36,103 ብቻ ነው የተመታው። በመጀመሪያው ብረት ላይ የአገሪቱ ስም አልበቃ ብሎ አሜሪ ተብሎ በነጥብ ተቆርጧል። ከነዚህ አንዱ በ2012 ጨረታ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

20. ሰንሰለቱ ያስቆጣቸው የሳንቲም ላይ ሰንሰለት ነው፤ እርሻው ላይ የነበረው የባሮቹስ? ብሎ የጠየቀ ሰው መጣ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከዚያ ግን ነገሩ ወደ አሜሪካ ምርጫ ሄደ፤ ከዚያ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ፤ ከ21 እስከ 26 ያለውን አልተርክላችሁም። አስተናባሪው ከ26 በኋላ ቁልፍ አሳየን፤ ተረጋጋን።

27. ያረጋጋን ደግሞ አባቱ የድሮ ሳንቲም በቆርቆሮ ያኖሩ የነበረ የጎንደር ልጅ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1936 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የጃንሆይ መዳብ ሳንቲሞች ትዝ ይሉናል፤ 1፣ 5፣ 10 ሳንቲም። ፊላደልፊያ እንደተመቱ ታውቃላችሁ? አለን። እውነት ነው፤ ለኢትዮጵያ ከመቱት መምቻዎች አንዱ የእኔን 1798 የመታው የፊላደልፊያው መምቻ ነው። ሕንፃው ሌላ ነው እንጂ ተቋሙ ያው ነው። አሥሯን ሳንቲም ሱቅ ስንወረውራት ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለን የምንጫወትባት የመምቻው ልጅ ነበረች ማለት ነው።

28. 25 ሳንቲሙስ? አለ ሌላው። እሱ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ የተጠቀጠቀው መጣ። ክቡን ያገኘ ይያዘው አለ። ጠርዙ ለምን እንደተቀየረ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ተከራከሩ። የ27ቱን ቆርቆሮ ግዙልኝ እያለ የሚለምን ሰውም ነበር። ቆርቆሮው አይሸጥም ተባለ።

29. ከዚያ አንድ ብርዳም ምላሽ። ወገን ጦሙን እያደረ እናንተ ለዛገ ሳንቲም 400 ዶላር ትከፍላላችሁ አለ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ለስልኩ ስንት እንደከፈለ ጠየቅኩት። አሁን ሳስበው አላስፈላጊ ነበር።

30. ከእኔ የተሻለ የመለሰለት 3 ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛው። በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ የተመቱ፣ የተፋቁ ግን ዓመታቸው የሚነበብ ላርጅ ሴንቶች ለሁለት ሰው ምሳ በሚበቃ ገንዘብ ይገዛሉ። 1815 ብቻ የለም፤ በዚያ ዓመት ቀን የተጻፈበት ሴንት የለም። ባዶው ክብ መዳብ ከእንግሊዝ፣ ከበርሚንግሃም ነበር የሚመጣው። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲነሳ መዳቡም ቆመ። ስለዚህ ከ1816 ጀምሮ እስከ 1857 ሳያቋርጡ መሰብሰብ የደሞዝተኛ ሥራ ነው፤ የሀብታም አይደለም።

31. ጋሼ ከቺካጎ እንደገና መጡ። ስለቀለም ማንም አላነሳም ብለው ወቀሱን። ያልተነካ መዳብ ቀይ ነው፤ ከዚያ ቀይና ቡናማ፣ ከዚያ ቡናማ ይሆናል። ፕላስቲኩ ላይ የሚጻፉት ሦስት ምድቦችም እነሱ ናቸው። ከ1816 እስከ 1820 ካሉት ብዙ ቀያዮች የምናገኘው አንድ በርሜል ስለተረፈ ነው፤ ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ጆርጂያ ውስጥ ተገኘ ይባላል። በብዛት 1818 እና 1820 ነበሩ። የ1798 ቀይ ግን አልም ይሆናል እንጂ አላይም አሉኝ። ከ1808 እስከ 1814 ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው፤ መዳቡ ለስላሳ ስለነበር ይጎዳል፤ ጥቁረቱን አትናቁት አሉ።

ወደ ጥያቄዬም መለሱኝ። ቁጥሩ የሰውየው ነው ያልኩት ግማሽ እውነት ነው አሉ። ሰውየው ሲገዛ 10፣ ሲሸጥ 20 ካለ ቁጥሩ የሰውየው ነው። ሲገዛም ሲሸጥም 10 ካለ የሳንቲሙ ነው። ሽማግሌህን በስንት ሊገዙህ እንደሚፈልጉ ጠይቃቸው አሉኝ።

32. ጠየቅኋቸው። በወሩ ስብሰባ አገኘኋቸው። በ10 ዋጋ ልውሰደው ቢሉ ክርክሩ ያልቅ ነበር። ሳቁብኝ እንጂ። ይህን ዓይነት ሁለት አለኝ፤ አልፈልገውም፤ ደግሞ ለማንም ብትሸጠው ወረቀቱን ሳይሆን ጭረቱን አሳየው አሉኝ። ፕላስቲኩን ሰብሬ ላውጣው ወይስ ልተወው? ብዬ ደግሞ ብጠይቅ እዚህ ክር ላይ 9 ሰው ስበር፣ 11 ሰው ተው አለኝ። በፒንሳ ሰበርኩት። 10.61 ግራም መዘነ። ድምፁም ይጮሃል።

33. 5 እንኳን ደስ አለህ አለኝ። እሱ ነው። ደግሞ ከሁሉም ፊት ቨርጂኒያ ላለችው እህት ይቅርታ ብሎ ጻፈ፤ አፌ ቀደመኝ አለ። አላመንኩም ነበር፤ አገላብጬ ስሙን አየሁ።

34. እሷም ተመልሳ መጣች። ይቅርታውን ተቀብላ፣ ሳንቲሙ እንዲሁ ሮዝ ሆኖ ይቀራል ወይስ የሚመለስበት መንገድ አለ? አለች። ከዴንቨር ያለው ወንድም ድሮ የነበረው ቆዳ አይመለስም፣ ግን መዳብ ከአየር ጋር መኖሩን አይተውምና በዓመታት ውስጥ አዲስ ቡናማ ያወጣል አላት። ፀሐይና አየር ያለበት ቦታ አኑሪው፣ በእጅሽ አትንኪው፣ ምንም አትቀቢው። ደረጃውን ግን ማንም አልነገራትም፤ እሷም መልሳ አልጠየቀችም።

ያ የሆነው ሐምሌ ላይ ነው። ኩሽናዋ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። በየወሩ መጀመሪያ ፎቶ ትልክልኛለች፤ የሴትዮዋ ፎቶም በፍሬም አጠገቡ አለ። ጠቆረ ወይ? ትለኛለች። አጉልቼ አየዋለሁ፤ ሳንቲሙ ላይ ካለችው ሴት አንገት ሥር፣ ሎሚው በደንብ ያልደረሰበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ትንሽ ቡናማ አለ። ሌላው ገና ሮዝ ነው።